አውራ ጣት የምታህል ኖራ

ሰውየው የኖራ መሸጫው በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጆንያ የተሸከሙ ሁለት ግንበኞች ሲወጡ ጥጉን ይዞ አሳለፋቸው፤ ከዚያ ገባና ዙሪያውን አየ። ጫማው ንጹሕ ነው። እጁ ላይ የሲሚንቶ ምልክት የለም። ቤት የሚያሠራ ሰው የማያጣው ችኮላም አይታይበትም።

ከሚዛኑ ጀርባ የቆመችው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምን ልታዘዝ?»

«ኖራ ፈልጌ ነበር፤ ውሃ ያልነካው።»

«ስንት ጆንያ?»

አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳያት። «ይህችን የምታህል አንድ ድንጋይ።»

የምትስቅ መስሎት ፈገግ አለ። አልሳቀችም።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የኖራው ብናኝ ከቅንድቧና ከጸጉሯ ዳር ታጥቦ ስለማይለቅ የሰፈሩ ሰው «ዱቄት» ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ቤት ሠርታለች፤ በጆንያም በመኪናም ሸጣለች። ከዚያ ቀን በፊት ጥቂት ኖራ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው የምታውቀው አንድ ነበር። እሱም አባቷን ጉድ ሠርቶታል።

ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አንድ ጨዋ የሚመስል እንግዳ መጥቶ «ለናሙና» ብሎ አንድ እፍኝ ወሰደ። በሳምንቱ ሲመለስ ሦስት ባለሥልጣኖች አስከትሎ ነበር። የአንድ ትልቅ ሕንጻ ልስን ተራግፎ ጥፋቱ በአባቷ ኖራ ተላከከ። ኖራው የሌላ ነጋዴ፣ ያውም አመድ የተደባለቀበት መሆኑ እስኪጣራ ድረስ ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደንበኛው ሁሉ ሸሸ፤ እናቷም በዚያው መሀል ታመው ሞቱ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ጥላውን የማያምን ሰው ሆነ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። አባቷ ነው። ከዚያ ሆኖ የማይሰማው ነገር የለም።

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አለችው።

«ለሥራ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

ሰውየው ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። «ትንሽ ሥራ ናት።»

ልጅቷ ከክምሩ ውስጥ አንድ ድንጋይ መርጣ በሌላ ድንጋይ መታ መታ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሰውየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አብሯት አዳመጠ።

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነኝ አለ» አለችውና ወዲያው መቀለዷ አናደዳት።

ድንጋዩን እንደ እንቁላል በመሐረብ ጠቅልሎ ሄደ።

ዓርብ ተመልሶ መጣ።

«ድንጋዩ አየር ሳበና ዱቄት ሆነብኝ» አላት።

በር ላይ የቆመ አንድ ግንበኛ ሳቁ አመለጠው። ልጅቷ ፊቷ ጋለ። «ስሜን ማን ነገረህ?»

«ስምሽን?» ግራ ገብቶት አያት። ሲገባው እሱም ቀላ። «እኔ ስለ ድንጋዩ ነው የተናገርኩት። እውነቴን ነው።»

ያለው ነገር እውነትነት አለው፤ ውሃ ያልነካው ኖራ ሜዳ ላይ ከተተወ አየሩ ራሱ ይፈረፍረዋል። ስለዚህ በዚያ ልትይዘው አልቻለችም። ሌላ ሰጠችው። ማክሰኞ መጣ። ዓርብ ደገመ።

«ይሄ ሰውዬ አራተኛ ጊዜው ነው» አለ አባቷ ማታ ራት ሲበሉ። «ሰላይ ነው ስልሽ!»

«አባባ፣ ሰላይ እኮ ፈገግ አይልም።»

«ያ ናሙና የወሰደብን ፈገግተኛ አልነበረም? ጥርሱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው ያለው።»

እሷም ብትሆን አላመነችውም። ግን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት መስታወቱ ፊት ከወትሮው ጥቂት ቆየት ማለት ጀምራ ነበር፤ ለዚያም ራሷን ታዘበችው። ሰውየው ሲመጣ ብዙ አያወራም። እሷ ድንጋይ ስትመርጥ እጇን ያያል። እሷ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሳል። የጣቶቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ የእሳት ጠባሳ አለ። የምን እሳት?

«አሁን በግልጽ ንገረኝ» አለችው በአምስተኛ መምጫው። «ለምንድን ነው?»

«ለብርሃን።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም። ከዚህ በላይ እንዳልናገር ግን ቃል አስገብተውኛል።»

«እነማን?»

ዝም አለ። ዝምታው ከመጋረጃው ጀርባ ላለው ሰው በቂ ነበር። አባቷ በእጁ ምልክት ጠራትና በጆሮዋ አንሾካሾከ። «ያንን ጥግ ያለውን ስጪው፤ ጣሪያው ያፈሰሰበትን። መርማሪ ከሆነ ይከሰናል፣ ማንነቱም ይወጣል። ሞኝ ከሆነ ደግሞ አይለየውም።»

አመነታች። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደች። ድንጋዩን መታ ስታደርገው እንጨት የተመታ ያህል ደብዛዛ ድምፅ ሰጠ።

«ድምፁ እንደ በፊቶቹ አይደለም አይደል?» አላት። መስማት ተምሮ ነበር።

«ዛሬ አየሩ ከባድ ስለሆነ ነው።»

«አንቺ ካልሽ» አለና ተቀብሏት ሄደ።

እነዚያ ሁለት ቃላት እስከ ማታ ከጆሮዋ አልወጡም።

በሚመጣበት ዓርብ ቀረ። ማክሰኞ ሲመጣ ከግራ ዓይኑ በላይ ወፍራም ፋሻ ተለጥፎበታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ድንጋዩ ፈነዳብኝ። የኔ ጥፋት ነው፤ በደንብ ሳላደርቀው ወደ እሳት አስጠጋሁት።»

ልጅቷ ሚዛኑን ደገፍ አለች። ኖራ ዓይንን ምን እንደሚያደርግ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አባቷ በወጣትነቱ ኖራ ውሃ ሲያጠጣ አንድ ጠብታ ብቻ ተረጭቶ ግራ ዓይኑን ይዞበት ሄዷል። ልትነግረው ፈልጋ ወደ መጋረጃው አየች። ጥሩ ድንጋይ፣ ካላት ሁሉ ጥሩውን መርጣ ሰጠችው።

እንደወጣ አባቷ ብቅ አለ። «ተጎድቶ የማይጮህ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የሆነ ነገር እየጠነሰሰ ነው። ተከተይው!»

ሻርፗን አንጠልጥላ ወጣች። የአባቴ ትእዛዝ ነው እያለች ራሷን አሳመነች።

ሰውየው ሁለት መንገድ ተሻገረ፤ አንድ የቆየ ትልቅ ሕንጻ ዞሮ በጎን በር ገባ። ጥቂት ቆይታ ገፋ ስታደርገው በሩ አልተቆለፈም። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቀለምና የተላገ እንጨት ይሸታል። ዓይኗ እስኪለምድ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ረድፍ ረድፍ ወንበር። ቲያትር ቤት!

ከበላይዋ፣ ከእንጨት ማማ ላይ፣ የሚያፏጭ የእሳት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሕይወቷን ሙሉ አይታው የማታውቀው ብርሃን በራ። የአምፖል አይደለም፤ የሻማም አይደለም። ነጭ ነው፣ ግን አይወጋም። መድረኩ መሀል ነጭ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ወጣት ቆማለች፤ ሃያ ዓመት የሚሞላት አትመስልም፤ ፊቷ ያበራል።

«እንደዚህ አምረሽ አይቼሽ አላውቅም!» አለ ከማማው ላይ የሰውየው ድምፅ። «እዚያው ቁሚልኝ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!»

ልጅቷ በመጣችበት በር ተመልሳ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ሊገጫት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ «ኖራ የለም» አለችው።

ሰውየው ከጀርባዋ እስከ ጣሪያው የተደረደረውን ጆንያ አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ኖራ የለም አልኩህ።»

«ገባኝ» አለ፤ ምንም እንዳልገባው ግን ፊቱ ይናገር ነበር። ሄደ። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ «ጎበዝ!» አላት። እሷ ጓሮ ሄዳ ጆንያ ማራገፍ ጀመረች።

በነጋታው ቅዳሜ አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ጉልበታቸውን እየያዙ ደረጃውን ወጡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት አያንስም።

«አንቺ ነሽ ዱቄት?»

«አዎ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እማማ አትበይኝ፤ ሥራዬን ታበላሺብኛለሽ። እትዬ ይበቃኛል።» ወንበር ሳይጠየቁ ቁጭ አሉ። «ባለፈው ማክሰኞ ቲያትር ቤታችን ገብተሽ ነበር። ዓይን የለንም ብለሽ ነው? ከጎን በሩ እስከ ግድግዳው ነጭ የጫማ ዱካ ትተሽልናል። የጽዳት ሠራተኛዋ እስካሁን ስትራገም ነው ያለችው።»

ልጅቷ ወደ ጫማዋ አየች። «እኔ... ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን ልጅ...»

«ልጅ?» ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ ነኝ እኮ! ይህንን ኖራ ለሚገዛሽ ለባለመብራታችን ንገሪልኝ፤ አለቃችን ደመወዝ ይጨምርለት።»

ልጅቷ ሽበታቸውን፣ ከዓይናቸው ዳር የተሸበሸበውን ቆዳ አየች። ቁመናቸው፣ አንገታቸው፣ አዎ፣ ያቺው ናት። ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣ።

ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የነገው ትርኢት ስለ አንድ የድሮ የቲያትር ቡድን ነው። አለቃችን እንደ ድሮው እውነተኛውን የኖራ ብርሃን እናሳያለን ብሎ ምሥጢር አደረገው። ይኸው ድንጋዩ ከፈነዳ ወዲህ ግን ፈርቷል፤ አስተማማኝ ድንጋይ ካልመጣ ሐሳቡን እሰርዘዋለሁ እያለ ነው። ባለመብራቱ ሦስት ወር የደከመበት ነው። አንቺ ደግሞ በሩን ዘጋሽበት።»

«እሱ ነው የላከዎት?»

«መምጣቴን ቢሰማ ይገድለኛል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ክዳኑ በሰም የሚታሸግ ማሰሮ አለው። እዚያ ውስጥ ኖራ ዓመት ይቀመጣል፣ አይፈርስም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አለው። አንዴ መጥቶ አሥር ድንጋይ ቢገዛ ይበቃው ነበር።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ስለ ማሰሮው የዋሸ ሰው ሌላስ ምን ይዋሻል?

መጋረጃው ተገለጠ። አባቷ ወጣ፤ አንድ ዓይኑ እሳት መስሏል።

«የፈነዳው የኔ ኖራ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

«ሰው ፊት ቢፈነዳ የማን ኖራ ነው ሊባል ነው? የኔ! ዘጠኝ ዓመት ለፍቼ ያነሳሁትን ስም ነገ በቀን ብርሃን ሊቀብሩት!» ከክምሩ ፊት ተንበረከከና አንድ በአንድ እየመታ፣ ወደ ጆሮው እያስጠጋ መምረጥ ጀመረ። «እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ከእጄም አይወጣም። ያንን ሰውዬ ደግሞ ዓይን ለዓይን ማየት እፈልጋለሁ።»

እሑድ ከሰዓት በፊት አባትና ልጅ ቲያትር ቤቱ ደረሱ። ባለመብራቱ ሁለቱ አብረው መምጣታቸውን ሲያይ መሰላሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ውረድ» አለ አባቷ። «በል አስረዳኝ። ኖራ ግድግዳ ይለሰንበታል። ብርሃን ይሆናል ያለህ ማን ነው?»

ባለመብራቱ ወርዶ የናስ መብራቱን አሳያቸው። ሁለት የጋዝ ቱቦዎች ገብተውበታል፤ አንዱ ኦክስጅን፣ አንዱ ሃይድሮጅን።

«ኤሌክትሪክ ቲያትር ቤት ሳይገባ በፊት ነው ጋሼ። ሁለቱ ጋዞች አብረው ሲቃጠሉ ነበልባሉ ራሱ ብዙም አያበራም። ትኩሳቱ ግን ኃይለኛ ነው። ኖራ ሲነካ ኖራው አይቀልጥም፤ ግሎ ያበራል። ያንን ብርሃን በመስታወት ሰብስበው ዋናው ተዋናይ ላይ ያሳርፉታል። ተዋናዩ ሲሄድ ብርሃኑ ይከተለዋል። ሌላው በጨለማ ይቀራል። ከዚያ የተነሣ በውጭ አገር ቋንቋ እስከ ዛሬ ዝነኛ የሆነን፣ የሰው ዓይን ያረፈበትን ሰው ‹በኖራው ብርሃን ውስጥ ነው› ይሉታል። መብራቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ አባባሉ ብቻ ቀረ። ከሚናገሩት ውስጥ ኖራ ለምን እንደተጠራ የሚያውቀው ጥቂት ነው።»

አባቷ ናሱን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። «እና እኛ ኖራ ሻጮቹ ከዚህ ዝና ምን ደረሰን?»

«ምንም» አለ ባለመብራቱ።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላላ አለ። «እውነት ተናገረ» አለ ለልጁ፣ ሰውየው እዚያ እንደሌለ ሁሉ።

ትርኢቱ ሲጀመር አባቷ ከማማው አልወርድም አለ። ባለመብራቱ ብርሃኑን ሲያዞር እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ድንጋዩን በጥቁር መነጽር አፍጥጦ ይጠብቃል። ልጅቷ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና መድረኩን ሳይሆን ማማውን ነበር የምታየው። በእያንዳንዱ የነበልባል ፉጨት ጣቶቿን ታጥፋለች።

«እሳቱ ድንጋዩን እየቦረቦረው ነው፣ አዙረው!» ሲል የአባቷን ሹክሹክታ ግማሽ አዳራሽ ሰማው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ተወው፣ አንተ ሴትዮዋን ጠብቅ፣ እኔ አዞራለሁ» ሲል ተሰማ።

ድንጋዩ አልፈነዳም። ነጩ ብርሃን በእትዬ ላይ ሲያርፍ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ተነፈሰ። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው አላቆም አለ። አባቷ ከመሰላሉ ሲወርድ ላቡን እየጠረገ «ኖራዬን አያችሁት?» ይል ነበር፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ።

ልጅቷ ባለመብራቱን ከመጋረጃው ጀርባ አገኘችው። ደስታው ከፊቱ ሞልቶ ፈስሷል።

«ስለ ማሰሮው ዋሽተኸኛል» አለችው።

ቀላ። «ማን... አዎ። ዋሽቻለሁ። ሌላ ምክንያት ማግኘት አልቻልኩም። እናንተ ቤት ሻይ አይሸጥም።»

ሳቋን ዋጠችው። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር አወቀች።

«እኔም ዋሽቼሃለሁ። ያ የፈነዳው ድንጋይ... ጣሪያው አፍስሶበት ነበር። አውቅ ነበር። ድምፁን ስትጠይቀኝ አየሩ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ ቆማ አየችው።

«ለምን?»

«ጠርጥረንህ ነበር። እሳት ውስጥ እንደምትከተው አላወቅኩም። ብቻ...»

«አንቺ ካልሽ ብዬ ነበር እኮ የወሰድኩት።» እጁ ወደ ፋሻው ሄደ። «ዓይኔን ቢያጠፋውስ ኖሮ?»

መልሷን አልጠበቀም። መሰላሉን ወጥቶ መብራቱን ማፍታታት ጀመረ።

ማክሰኞ አልመጣም። ዓርብ አልመጣም። ለትርኢቶቹ የሚያስፈልገውን ድንጋይ አባቷ ራሱ ይዞ ይሄድና ይመለስ ነበር።

«ምን ይላል?» ብላ ትጠይቀዋለች።

«ሥራ ነው የምናወራው» ይላታል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑን ደግፎ ቆመና፣ «ያንን የራሰ ድንጋይ ስጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ነግሬዋለሁ» አላት።

«እና?»

«‹እርስዎን አላመንኩም ነበር፤ እሷን ግን አምኜ ነበር› አለኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሂጂ። ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።»

ቲያትር ቤቱ ስትደርስ እኩለ ቀን ነው። እትዬ መድረኩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ቃለ ተውኔት ያጠናሉ፤ ጽዳቷ በመጥረጊያ ወለሉን ትጠርጋለች። ባለመብራቱ ማማው ላይ የተለመደውን የኤሌክትሪክ መብራት መስታወት ይወለውላል። ፋሻው ተነሥቷል፤ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ሮዝ ጠባሳ ይታያል።

መሰላሉን ወጣችና አጠገቡ ቆመች። ሰበብ አላቀረበችም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው። «ይቅር ባትለኝም ይገባኛል። ግን ሳልጠይቅህ መኖር አቃተኝ።»

መስታወቱን ወለወለ፣ እንደገና ያንኑ ወለወለ።

«አሁንም ትጠረጥሪኛለሽ?»

«አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው።»

«እሱ አይጠቅምም» አለ። ከዚያ የመብራቱን እጀታ አስያዛት። «ይህንን ያዥልኝ። እታች ወርጄ የብርሃኑን ልክ ልየው።»

ወረደ። መድረኩ ላይ ወጥቶ መሀል ወለሉን በእግሩ ሲፈልግ ልጅቷ መብራቱን አብርታ አዞረችና ሙሉውን አሳረፈችበት። እጁን ዓይኑ ላይ ጋረደ። ወደ ግራ ሄደ፤ ተከተለችው። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተከተለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ሰው ሌላውን ሲያበራ እንጂ ራሱ በርቶ ማንም አይቶት አያውቅም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በደንብ ላይህ።»

እጁን አወረደ። ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው፣ ሳያርገበግብ ወደሷ አቅጣጫ ቆመ። ጽዳቷ መጥረጊያዋን አቆመች።

«እንግዲያው ስሚኝ» አለ። «ማሰሮውን የደበቅኩት ስለወደድኩሽ ነው። ተናድጄ ሦስት ሳምንት የጠፋሁትም ስለወደድኩሽ ነው። ሌላ የደበቅኩት ነገር የለም። ልታገቢኝ ፈቃደኛ ነሽ?»

እጀታው ከእጇ ሲያመልጥ ብርሃኑ ከትከሻው ላይ ተንሸራተተ፤ መልሳ አሳረፈችበት።

«አልሰማሁም» አለች። ሰምታለች። «ድገመው።»

ደገመው፤ ጮክ ብሎ።

«እስኪ አንዴ ብቻ...»

እትዬ ጽሑፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከፍ ብለው ተጣሩ።

«ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ የደከመው ሁለቴ ሰምቻለሁ! በይ ውረጂ፣ ሰውየውን አታቃጥይው!»

ልጅቷ መብራቱን እንደበራ ትታ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወረደች።